ለስደተኛ ሹፌር ተያዡ ማን ነው?

ከሐረር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መኪና የካራማራን ጠመዝማዛ ጨርሶ ቁልቁል ሲል የጅግጅጋ ሜዳ ድንገት ይዘረጋል። መንገዱ ቀጥ ሲል የሹፌሩም እግር ነዳጁ ላይ ይከብዳል። ከአወዳይ ጫት የጫነው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጭነቱ በሰዓታት ውስጥ የሚጠወልግ፣ ተረካቢውም ቶጎ ውጫሌና ሐርጌሳ ላይ ሰዓቱን እያየ የሚጠብቅ ነውና ፍሬን መርገጥ ኪሳራ ይመስለዋል። ግመል መንገድ ስታቋርጥ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ግመሏ አንገቷን ቀና አድርጋ በራሷ ፍጥነት ታልፋለች። ከተማው ውስጥ ሲገባ ተራው የባጃጅ ነው፤ ከገበያ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ መናኸሪያ ሰውን የሚያመላልሰው እሱ ነው።

የባጃጁ ነጂ የጅግጅጋ ልጅ ይሁን የሐርጌሳ ወይም የሞቃዲሾ ተወላጅ፣ ተሳፋሪው በምን ያውቃል? ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ሃይማኖታቸው አንድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጎሳቸውም አንድ ነው። ተሳፋሪው "ዋላል" (ወንድሜ) ብሎ ይሳፈራል፣ "ዋላል" ብሎ ይወርዳል። ልዩነቱ የሚወጣው ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያነሳ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል። አገሬው ሦስቱን ከኪሱና ከመስታወቱ ላይ ያሳያል፤ ስደተኛው ግን እነዚህን ከመያዙ በፊት የሚያልፈው ሌላ ጥያቄ አለ። አደጋ ቢያደርስ የሚጠየቅለት ማን ነው?

ጥያቄው በዚህ አካባቢ የቆየ ነው። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በአየርና በመድፍ ሲደበድብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርትሼክ ሰፈረ። ሐርትሼክ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ነበረ፤ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ከጅግጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቀብሪበያህ ካምፕ ግን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እስካሁን አለ። የደቡብና መካከለኛው ሶማሊያ ጦርነት ሲብስ አውበሬ፣ በአማርኛ ስሙ ተፈሪ በር፣ በ1999 ዓ.ም. ካምፕ ሆነ፤ ሼደር በዓመቱ ተከተለ። ቀብሪበያህ ካምፕ ውስጥ ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው አግብቶ የወለደ ሰው አለ። በወረቀት ስደተኛ ነው፤ የተሰደደበትን ቀን ግን አያውቀውም፣ አልነበረምና።

እንዲህ ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ መሪ የሚጨብጥበት ሕጋዊ መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን አጸደቀ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከ900 ሺህ በላይ ስደተኞችን አስጠልላ ነበር። አዋጁ የሥራ፣ የመዘዋወር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ ልደትና ጋብቻን የማስመዝገብ መብቶችን ሲዘረዝር ከመካከላቸው አንዱን መንጃ ፈቃድ የማውጣት መብት አደረገው። በአፍሪካ ለስደተኛ ለጋስ ከሚባሉት ሕጎች መካከል ሲጠቀስ የሰነበተውም ስለዚህ ነው።

የመብቱ ተጠቃሚ በተግባር ምን ይገጥመዋል? ቀብሪበያህ የተወለደ አንድ የ22 ዓመት ወጣት እናስብ። መጀመሪያ በስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የተሰጠው መታወቂያ ያስፈልገዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስደተኞችም በብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ በፋይዳ መመዝገብ ስለጀመሩ ያ ቁጥር ካለው መንገዱ ይቀልለታል። ቀጥሎ የትምህርት ማስረጃ አለ። የካምፕ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያን ሥርዓተ ትምህርት ስለሚከተሉ የእሱ ካርድ ያለ ብዙ ክርክር ይታያል። ከዚያ የጤና ምርመራ፣ ከዚያ ማሰልጠኛ ተቋም፣ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ በመጨረሻም የተግባር ፈተና። ገንዘቡን ካገኘ፣ ከካምፑ ወጥቶ ጅግጅጋ የሚሰነብትበት ፈቃድና ዘመድ ካለው፣ ፈቃዱ በእጁ ይገባል። ቋንቋም እንቅፋት አይሆንበትም፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፉን የፈታበት ሶማሊኛ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዓለም ላይ ስንት ስደተኛ በቋንቋው በሚያናግረው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ይሰለፋል?

አሁን ደግሞ ከሞቃዲሾ የመጣ የ50 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር እናስብ። ከባድ መኪና ሲነዳ ዕድሜውን ጨርሷል። የኢትዮጵያ አሠራር በሌላ አገር መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሰነዱን አረጋግጦ እንዲቀይር ይፈቅዳል፤ በተለመደው ሒደት ማረጋገጫው የሚመጣው ፈቃዱን ከሰጠው አገር ኤምባሲ ነው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይጸናል። ሰውየው ግን ከሸሸው መንግሥት ኤምባሲ ደጅ ሊቆም ነው? ቢቆምስ የትኛው መዝገብ ይገለጥለታል? የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ መዝገቦቹም አብረው ጠፍተዋል፤ አገሪቱ እንደገና ብሔራዊ መታወቂያ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከሐርጌሳ የመጣው ችግሩ ሌላ ነው፤ ሶማሊላንድ የራሷን ፈቃድ ታትማለች፣ ማህተሟ ግን ኢትዮጵያ እውቅና የሰጠችው መንግሥት ማህተም አይደለም።

የጄኔቫው የስደተኞች ኮንቬንሽን ይህን ቀድሞ አስቦበታል። አንቀጽ 25 ስደተኛ ከአገሩ ባለሥልጣን ሊያገኝ የሚገባውን ሰነድ ያስጠለለው አገር እንዲሰጠው ወይም እንዲያሰጠው ያዝዛል። ኢትዮጵያ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንቬንሽኑ አባል ናት። ይሁን እንጂ የሹፌርነት ችሎታ እንደ ልደት ቀን በመሐላ የሚመዘገብ ነገር አይደለም። ለአዛውንቱ ሹፌር የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ እንደ ጀማሪ ተመዝግቦ ከልጅ እግሮች ጋር መሰልጠን። ለዚያም የትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከተማው ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ስለዚህ መኪና ነድቶ የማያውቀው ወጣት ፈቃድ ይዞ ሲወጣ 25 ዓመት የነዳው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ከሐርጌሳ የመጣ ሹፌር አንድ ነገር ግን በእርግጥ እንደገና መማር አለበት። ሶማሊላንድ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው፤ አብዛኞቹ መኪኖች ግን ከጃፓን በዱባይ በኩል የሚገቡ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ ነው። ሹፌሩ የመንገዱን ዳር ይዞ፣ ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም የሚያየው በተሳፋሪው ዓይን ነው። ድንበሩን ተሻግሮ መሪው በግራ የሆነ መኪና ሲጨብጥ ርቀት የመለካት ልማዱ ሁሉ ይዛባበታል። ኢትዮጵያውያንም ይህን ያውቁታል፤ አገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፣ የዚያን ዘመን ሹፌሮችም ለጥቂት ጊዜ እጃቸውና ዓይናቸው ተጣልቶባቸዋል።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ሹፌር ሲቀጠር ከመንጃ ፈቃዱ እኩል የሚፈለገው ተያዥ ነው፤ ንብረት ወይም ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ "ይህ ሰው ቢያጠፋ እኔ አለሁ" ብሎ የሚፈርም ሰው። የስደተኛው የቅርብ ዘመዶች ስደተኞች ናቸው፤ ቤት በስማቸው የለም፣ ደመወዝ የላቸውም። ሕጉም ለቅጥር ሥራ ብዙ አላገዘውም። አዋጁን ተከትሎ በ2012 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የግል ሥራንና ከኢትዮጵያውያን ጋር በጋራ የሚካሄዱ ፕሮጀክቶችን ከፍቶ ሲሰጥ፣ ተራ ቅጥርን ለውጭ ዜጋ በሚሠራው ሕግ ውስጥ አስቀመጠው። የውጭ ዜጋ ደግሞ የሚቀጠረው ኢትዮጵያዊ ባልተገኘበት ሙያ ነው። ሹፌር ያልተገኘበት የኢትዮጵያ ከተማ የት አለ?

የመዘዋወር ጉዳይም አለ። መንጃ ፈቃዱ ከሞያሌ እስከ መተማ ያስነዳል። ከካምፕ የሚወጣበት የይለፍ ወረቀት ግን መድረሻና የቀን ገደብ የተጻፈበት ነው። ረጅም መንገድ የሚሠራ ሹፌር ሁለት ወረቀት ይዞ፣ በአንዱ እየተፈቀደለት በሌላው እየተቆጠረበት ይነዳል። ስለዚህ የጅግጅጋና የቀብሪበያህ ስደተኛ ሹፌር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ባጃጅ ላይ ነው፤ ከከተማ አይወጣም፣ የሚጠይቀውም ካፒታል ከሚኒባስ ያነሰ ነው።

ባጃጁ የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው። ሊብሬው በኢትዮጵያዊው ባለቤት ስም ነው፣ ማኅበሩና ታፔላውም እንዲሁ። ነጂው በየቀኑ የተስማሙበትን ገቢ ያስረክባል፣ የቀረው የእሱ ነው። እዚህ ላይ የመድን ነገር ይመጣል።

በኢትዮጵያ የመኪና መድን ከሹፌሩ ይልቅ ከመኪናው ጋር የተሳሰረ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። ያለ እሱ መኪና መንገድ አይወጣም፣ ቦሎም አይለጠፍለትም። ዋጋው የሚተመነው በተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት ነው። ሹፌሩ ዜጋ ይሁን ስደተኛ፣ የ20 ዓመት ልምድ ይኑረው የ20 ቀን፣ ለዚህ ሒሳብ ልዩነት የለውም።

ይህ ለስደተኛው ትልቅ እድል ነው፤ ለማነጻጸር ሚኒያፖሊስን ማየት ይበቃል። በዚያ ከተማና በዙሪያው ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ ካሉት ትልልቆቹ የሶማሌ ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ የኢሚግሬሽን ወረቀት የሌለው ነዋሪ እንኳ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ ፈቅዳለች፣ የጽሑፍ ፈተናውንም በሶማሊኛ መውሰድ ይቻላል። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በአማርኛ ይሰጣል። ፈቃዱ ከእኛው በቀለለ መንገድ ይገኛል ማለት ነው። መከራው ከፈቃዱ በኋላ ነው። የአሜሪካ መድን ድርጅት ዋጋውን የሚቆርጠው ሰውየውን አይቶ ነው፤ ስንት ዓመት ነዳ፣ ስንት ጊዜ ተቀጣ፣ ስንት ጊዜ ተጋጨ። በባሕር ማዶ የተነዳው ዘመን ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ከአዲስ አበባ ወይም ከሞቃዲሾ የሄደ የ45 ዓመት ሹፌር እንደ አዲስ ነጂ ዋጋ ይወጣለታል፣ በየወሩም ይከፍለዋል።

ጅግጅጋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፈቃዱ ይከብዳል፣ መድኑ ይቀላል። መቅለሉ ግን የራሱ ጉድለት አለው። አዋጅ 799 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ካሳ ከ5 ሺህ ያላነሰ ከ40 ሺህ ብር ያልበለጠ ነበር። ለንብረት ጉዳት ጣሪያው 100 ሺህ፣ ለአስቸኳይ ሕክምና 2 ሺህ ብር። ጉዳት አድራሹ ቢሰወር ወይም መድን ባይኖረው ተጎጂው ከመድን ፈንዱ ይካሳል፤ ይህ የአዋጁ ምርጥ ክፍል ነው፣ ይልቁንም መኪና ገጭቶ ወደ ድንበር ማምለጥ ቀላል በሆነበት አካባቢ። ንብረት ሲባል ደግሞ በዚህ አገር መስታወትና ባምፐር ብቻ አይምሰል። በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ መካከል የሚገጨው ግመል ነው፣ ባለቤቱም ዋጋውን ያውቃል።

ያ የ40 ሺህ ብር ጣሪያ በሶማሌ ክልል ከሌላ፣ እጅግ ከቆየ ሕግ ጋር ይጋጭ ነበር። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሔር፣ የወንድ ነፍስ ካሳ መቶ ግመል፣ የሴት ሃምሳ ነው። መግ ይባላል፤ በእስልምናው ስሙ ዲያ ነው። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት አይ. ኤም. ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናቱ የሶማሌ ማኅበራዊ ኑሮ መሠረት አብረው መግ የሚከፍሉና የሚቀበሉ ወንድማማቾች ስብስብ መሆኑን አሳይቷል። ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ የእሱ ወገን ሁሉ ድርሻ ድርሻውን ያዋጣል። የመኪና አደጋም ከዚህ አላመለጠም። ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ወይም ሆቴል ሳሎን ይቀመጣሉ፣ የገንዘቡ መጠን በድርድር ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወገን ያዋጣል። ከአጎራባቹ የኦሮሞ ጉማ ጋር መንፈሱ አንድ ነው። 40 ሺህ ብር መቶ ግመል ይቅርና ጥቂት ግመል አይገዛም። ስለዚህ የሟች ቤተሰብ ዓይኑን የሚጥለው መድን ድርጅቱ ላይ ሳይሆን የሹፌሩ ጎሳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስደተኛው የማይታይ ሀብት አለው። ድንበሩ ጎሳን አልከፈለም። ከቦረማ የመጣ ሰው አውበሬ ውስጥ፣ ከሐርጌሳ የመጣ ጅግጅጋ ውስጥ መግ የሚያዋጣለት ወገን ሊኖረው ይችላል። የባጃጅ ባለቤቶች ይህን አሳምረው ያውቁታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ መሪውን የጨበጠው ማንም ይሁን ማን። ስለዚህ ባለቤቱ ለማያውቀው ሰው ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት የነጂውን የዘር ሐረግ ወደ ላይ ይቆጥራል። ጎሳው ተያዥ ሆነ ማለት ነው። እድለ ቢስ የሚሆነው እዚህ ወገን የሌለው ነው፤ ከደቡብ ሶማሊያ ከአናሳ ወገኖች የመጣ ሰው መንጃ ፈቃዱ ከሁሉም ቢያበራ የሚያዋጣለት ስለሌለ ቁልፍ የሚሰጠው ይቸግረዋል። አዋጅ 1110 የጻፈውን እኩልነት የባለቤቱ ፍርሃት በጓሮ በር ያስወጣዋል።

ሽምግልናው ደግሞ ሁሉን አይዘጋም። ቤተሰቡ ታርቆ ዐቃቤ ሕግ ላይታረቅ ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስከስሳል፤ ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ በመጣስ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስከትላል። ያለ ፈቃድ መንዳት እዚህ ላይ ከትራፊክ ቅጣት ያለፈ ነገር ይሆናል።

ለሙስሊም ባለንብረት ሌላም ጭንቀት ነበረ። የተለመደው መድን እርግጠኛ ያልሆነ ነገር መሸጥና ወለድ ያለበት ነው ብለው የሚርቁት ጥቂት አይደሉም፤ የሦስተኛ ወገኑን ግዴታ ስለሆነ ይገዛሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን አይነኩም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ ማውጣቱ ለዚህ መልስ ነው። በተካፉል አባላት መዋጮ ያደርጋሉ፣ ጉዳት የደረሰበት ከመዋጮው ይካሳል፣ ድርጅቱ የአስተዳደር ክፍያውን ይወስዳል፣ ትርፍ ካለ የአባላቱ ነው። መግ ለሚከፍል ሕዝብ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆንበት መዋጮው ከአደጋው በፊት መሰብሰቡና አብሮ አዋጪው ዘመድ አለመሆኑ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱን ጅግጅጋ ያደረገው ሸበሌ ባንክ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከተማው ነጋዴ ከእንዲህ ዓይነት አሠራር ጋር ተላምዷል። ወገን ለሌለው ስደተኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስላል፤ የጎሳን መዋጮ በአባልነት ክፍያ ሊተካለት ይችላል። ችግሩ መድኑን የሚገዛው እሱ አይደለም፣ የባጃጁ ባለቤት ነው።

በሰሜን በኩል፣ በሲቲ ዞን፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከድሬዳዋ በደወሌ አልፎ ጅቡቲ የሚዘልቀው የጭነት መኪና የኮሜሳን ቢጫ ካርድ ይይዛል፤ በአንዱ አገር የተገዛ መድን በሌላው አባል አገር ለደረሰ አደጋ እንዲሠራ ያደርጋል። መኪናው ድንበር ሲሻገር መድኑ አብሮት ይሻገራል። የሹፌሩ ወረቀት ግን እንዲህ ያለ ካርድ የለውም፤ ስደተኛ ሆኖ ጅቡቲ ገብቶ መመለስ ሌላ የጉዞ ሰነድና ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን በካምፖቹ ዙሪያ ስለ ፋይዳ ሲነሳ ጎልቶ የሚሰማው ጭንቀት ቀድሞ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ጭንቀት ነው። ከ2011 ዓ.ም. በፊት በሩ ጠባብ በነበረበት ዘመን አንዳንዱ በቀበሌ መታወቂያ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ተመዝግቦ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ አንዳንድ ኢትዮጵያዊም በተቃራኒው የራሽን ካርድ ይዞ ስደተኛ ሆኖ ነበር። የጣት አሻራ ሁለት ማንነት አይቀበልም። የቀበሌ መታወቂያውን የመረጠ የስደተኛነት ከለላውንና ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ተስፋውን ይተዋል። ስደተኛነቱን የመረጠ ደግሞ ለዓመታት የነዳበት ፈቃድ ከስሙ ጋር አይገጥምም፤ ለእድሳት ሲቀርብ ከጽሑፍ ፈተናው እንደ አዲስ መጀመር ሊኖርበት ነው፣ በዚያ መካከልም ባጃጁን የሚነዳለት ሌላ ሰው ባለቤቱ ይፈልጋል።